ቤቱ ከመጫኑ በፊት መኪናው ይመዘን

በአሜሪካ የፒክአፕ ገበያ ውስጥ አንድ የቆየ ንግድ አለ። በፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚቀመጥ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ አንዳንዴም መታጠቢያ ያለው ተነቃይ ቤት ይሸጣል። ስሙ «ትራክ ካምፐር» ነው። ባለቤቱ ለጉዞ ሲነሳ ይጭነዋል፤ ሲመለስ በእግሮቹ አቁሞት መኪናውን ከሥሩ አውጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዱ መኪና ለሥራም ለመዝናኛም ስለሚሆን ሐሳቡ ቆጣቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው። ካምፐሩ ካሶኒው ላይ ልክ ገጥሞ ይቀመጣል፤ መኪናው ግን የመሸከም አቅም አይኖረውም። ያን ጊዜ ገዢው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ካምፐሩን በኪሳራ መሸጥ ወይም ሌላ ከፍ ያለ ፒክአፕ መግዛት።

ብዙውን ጊዜ ፒክአፕ የሚሸጠውና ካምፐር የሚሸጠው ነጋዴ የተለያዩ ናቸው። አንዱ የሌላውን ዕቃ አይመዝንም። ስለዚህ የሒሳቡ ኃላፊነት የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው።

«ግማሽ ቶን» ስንት ኩንታል ነው?

ገዢን በመጀመሪያ የሚያሳስተው የገበያው ቋንቋ ነው። ፎርድ ኤፍ-150፣ ራም 1500 እና ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 «ግማሽ ቶን» ይባላሉ። 250 እና 2500 የሚል ቁጥር ያላቸው «ሦስት አራተኛ ቶን»፣ 350 እና 3500 የሆኑት ደግሞ «አንድ ቶን» ናቸው። ስያሜው ከድሮ ዘመን የቀረ ሲሆን ዛሬ የየትኛውንም መኪና ትክክለኛ አቅም አይናገርም። «አንድ ቶን» ከሚባሉት ውስጥ ከኋላ መንታ ጎማ ኖሯቸው ከሁለት ቶን በላይ የሚጭኑ አሉ።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር በማስታወቂያ ላይ ያለችው «እስከ» የምትል ቃል ናት። «እስከዚህ ኪሎ ይጭናል» የሚባለው ከሞዴሉ ሁሉ የመጫን አቅሙ ከፍ ላለው አንድ ዓይነት አሠራር ነው። ደብል ጋቢና፣ የአራት ጎማ መንጃ፣ የቆዳ ወንበርና የጣሪያ መስተዋት በተጨመሩ ቁጥር የመኪናው የራሱ ክብደት ይጨምራል፤ ለጭነት የሚቀረው ያንሳል።

የናፍጣ ሞተር ጉዳይ ይህንን በደንብ ያሳያል። ብዙዎቹ «ሦስት አራተኛ ቶን» ፒክአፖች ከነጭነታቸው እንዲደርሱ የሚፈቀድላቸው ጠቅላላ ክብደት 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም 4,536 ኪሎ ነው። ከዚያ ያለፈ መኪና ወደሚቀጥለው የክብደት መደብ ይገባል። ጣሪያው በዚህ ከተወሰነ ከባዱን የናፍጣ ሞተር የመረጠ ገዢ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጨምሮ የሚገዛው ጉልበት እንጂ የመጫን አቅም አይደለም። እንዲያውም ከቤንዚኑ ያነሰ የሚጭን መኪና ይዞ ሊወጣ ይችላል።

እውነቱ በበሩ ላይ ነው

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በሹፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ጠቅላላ ክብደታቸው ከ4,536 ኪሎ በማይበልጥ መኪኖች ላይ ሰውና ጭነት ተደምሮ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ በግልጽ ይጻፋል። ቁጥሩ የሞዴሉ ሳይሆን የዚያች አንዲት መኪና ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ይወሰድና መኪናዋ ባዶዋን ተመዝና ልዩነቱ ይሰላል።

ለምሳሌ ወረቀቱ 750 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ኩንታል ተኩል ይላል እንበል። ካምፐሩ ባዶውን 600 ኪሎ ቢመዝን የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን፦

ባዶ ካምፐር – 600 ኪሎ
100 ሊትር ውኃ (አምስት ጀሪካን) – 100 ኪሎ
ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ – 35 ኪሎ
ባትሪ – 30 ኪሎ
ምግብ፣ ልብስና ዕቃ – 105 ኪሎ
ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች – 230 ኪሎ
ድምር – 1,100 ኪሎ

ትርፉ ጭነት ሦስት ኩንታል ተኩል ሆነ ማለት ነው። ሹፌሩም እንደ ጭነት እንደሚቆጠር ልብ ይሏል። በታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን ቀድሞ በመኪናው ክብደት ውስጥ ታስቧል።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ንግድ የተለየ ድንጋጌ አለው። በፌዴራል ደንብ 49 አንቀጽ 575.103 መሠረት የካምፐር አምራች ምርቱ መደበኛ ዕቃዎቹን፣ ውኃና ጋዝ ይዞ ስንት እንደሚመዝን በላዩ ላይ መለጠፍ አለበት። ተጨማሪ ዕቃ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻው ይደመራል።

ክብደቱ የት ላይ ያርፋል?

ኪሎው ቢበቃም ነገሩ አላለቀም። የካምፐሩ የክብደት ማዕከል ከኋላ አክስል ፊት ለፊት፣ ወደ ጋቢናው በኩል መሆን አለበት። የፒክአፕ ካሶኒ ከ5 ጫማ ተኩል (1.68 ሜትር) እስከ 8 ጫማ (2.44 ሜትር) ይደርሳል። ለረጅሙ የተሠራ ካምፐር በአጭሩ ላይ ቢጫን ክብደቱ ከአክስሉ ወደ ኋላ ያልፋል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ መሪው ይላላል፤ የፊት ፍሬንም አይዝም። የኋላ አክስልና ጎማዎችም የየራሳቸው ወሰን ስላላቸው ከሁሉም አነስተኛው ቁጥር ይገዛል።

አንዳንዱ ገዢ መኪናው ከኋላ ሲወርድበት ባሌስትራ ይጨምራል ወይም የአየር ከረጢት ያስገባል። መኪናው ቀና ይላል። ይሁንና የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም፤ ፍሬኑ፣ ሻንሲውና አክስሉ የነበሩት ናቸው። ጉድለቱ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልተወገደም።

ለገዢ የሚበጀው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ካምፐሩ ይመረጣል፤ ሞልቶ ስንት እንደሚመዝን ይሰላል፤ ከዚያ ያንን የሚሸከም ፒክአፕ ይፈለጋል። ፒክአፑ አስቀድሞ የተገዛ ከሆነ ሰውና ነዳጅ ይዞ በከባድ መኪኖች ማረፊያ በሚገኝ ሚዛን ላይ ይውጣ። እንዲህ ያሉ ሚዛኖች የፊቱንና የኋላውን አክስል ክብደት ለየብቻ ይነግራሉ፤ ክፍያቸውም ከካምፐሩ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጭነትን በኩንታል ማስላት ለለመደ ነጋዴ ይህ እንግዳ ሒሳብ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር ወገንም ካምፐር ለመግዛት ቢያስብ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የመኪናውን በር ከፍቶ ቢያነብ ይጠቀማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።