በምድር ጅራት ውስጥ ስላለው የኤሌክትሪክ ጅረት

መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ባውሮፓ አቆጣጠር በ1989፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ በካናዳ አገር በኬቤክ የኤሌክትሪክ መብራት በድንገት ጠፋ። ያ ሁሉ የኃይል መሥመር ለመውደቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፤ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ግን እስከ 9 ሰዓት ድረስ ያለ መብራት ቈየ። ሽቦውን የቈረጠ ነፋስም ሆነ ዛፍ አልነበረም። ነገሩ ከፀሐይ ተነሥቶ በምድራችን ጅራት በኩል የመጣ ነው።

ምድር ጅራት አላት ስንል አንባቢ እንዳይሥቅብን እንለምናለን። ምድር ታላቅ ማግኔት መሆኗ የታወቀ ነው። ከፀሐይ ዘወትር የሚነፍሰው የኤሌክትሪክ ብናኝ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ሲደርስ፣ የማግኔቱን ኃይል በቀን በኩል ይጫነዋል፤ በሌሊት በኩል ግን ከጨረቃ መንገድ አሳልፎ ይዘረጋዋል። ሊቃውንት ጅራት ያሉት ይህንኑ ነው። በሰሜኑ ወገን ኃይሉ ወደ ምድር ያመለክታል፤ በደቡቡ ወገን ከምድር ይሸሻል። ሁለቱ ተቃራኒዎች በሚዋሰኑበት ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ጅራቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል።

የፀሐይ ነፋስ ሲበረታ መጋረጃው እየሣሣ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ጅረቱን አብዝተው የሚሸከሙት ከሃይድሮጅን አስኳል 1,836 ጊዜ ያህል የሚቀሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እጅግ ሲቀጥን የማግኔቱ መሥመሮች ተበጥሰው እንደገና ይቀጠላሉ፤ ተወጥሮ የነበረውም ኃይል እንደ ተለቀቀ ደጋን ኤሌክትሮኖቹን ይወረውራቸዋል።

ይህን ቀርቦ ማየት ለብዙ ዘመን አልተቻለም ነበር፤ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ ለክተው እስኪጨርሱ ነገሩ ያልፋቸው ነበርና። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በ2007 ዓ.ም. አራት ሳተላይቶች ላከ፤ አራት መሆናቸውም በከንቱ አይደለም፤ የጅረቱን ልክ ከማግኔቱ ለማወቅ በአራት ቦታ ባንድ ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ሐምሌ 4 ቀን 2009 ዓ.ም. እመበጠሻው ሥፍራ ላይ ደረሱ፤ ኤሌክትሮኖቹም በሴኮንድ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጡ መዘገቡ።

ከጅራቱ የተለቀቀው ኃይል የማግኔቱን መሥመር ተከትሎ ወደ ዋልታዎች ይወርዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያህል በሰማይ ላይ ውብ ብርሃን ያበራል፤ አብሮት የሚሄደው ጅረት ግን ከሥሩ ባለው መሬት ሌላ ጅረት ያስነሣል። የኬቤክ መሬት ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ጥንታዊ ዓለት ስለ ሆነ፣ ጅረቱ ረጃጅሞቹን የመብራት ሽቦዎች መንገድ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የኬቤክ ሰዎች ይህን ጅረት የሚያግዱ መሣሪያዎች በመሥመሮቻቸው ላይ አግብተዋል። የፀሐይን ነፋስ የሚጠባበቁ ሳተላይቶችም 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ቆመው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ። መጋረጃው በየትኛው ደቂቃ እንደሚበጠስ ግን አስቀድሞ የሚናገር ገና አልተገኘም።