የጋይንቷ ቤተልሔም

ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ እንግዳ ነፋስ መውጫን ሲያልፍ ልቡ ብዙውን ጊዜ ላሊበላ ደርሷል። ጋይንትን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ በዚያው በጋይንት ምድር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ዋና ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም አለችና።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ እዚህ ሲደርስ ያገኘው እንደ ሌላው የደጋ ደብር ሣር የለበሰ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ መሐል ላይ የቆመ ግንብ ማንንም አያስገርምም። እዚህ ግን ውስጥ ያለው መቅደስ ብቻ አልነበረም። የራሱ በርና መስኮት ያለው ሙሉ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ክቡ ቤት የተሠራው ኋላ፣ በእሱ ዙሪያ ነው። ፓክንሃም ጉዞውን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። የአገሩ ካህናት ግን የሚነግራቸው ሰው ሳያስፈልግ ሲቀድሱበት ኖረዋል።

ቤተልሔምን በአገሩ ሁሉ ያስጠራት ግን ድጓዋ ነው። ድጓ የቅዱስ ያሬድ የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ነው። ሌሎቹ የድጓ ቤቶች፣ ቆማና አቻብር፣ የየራሳቸው ስልት አላቸው፤ በአብዛኛው አድባራት የሚሰማው ግን የቤተልሔም ነው። በግራኝ ዘመን ብዙ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓ እዚህ እንደተረፈ ሊቃውንቱ ይናገራሉ።

የድጓን አንድ ገጽ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። በጥቁር ቀለም ከተጻፈው ቃል በላይ ደቃቅ ፊደላትና ምልክቶች ተደርድረዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የመሳሰሉት ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ ያሳያሉ። ፊደላቱ ደግሞ ከሌላ የታወቀ ዜማ የተቆረጡ ናቸው፤ ተማሪው ሁለት ፊደል አይቶ የዚያን ዜማ አካሄድ ከልቡ አውጥቶ እዚህ ቃል ላይ ማዋል አለበት። ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን ማንንም አያስተምርም። የኔታ ያስፈልጋሉ። ተማሪው ፊታቸው ቁጭ ብሎ ያዜማል፤ ሲስት እሳቸው በዜማ ያቀኑታል፤ እንደገና ይላል። ቀን በመጽሐፍ፣ ሌሊት በቃል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳሉ።

ከስማዳም ከእስቴም፣ ከጎጃምም ከወሎም የመጣው ተማሪ ድጓውን ሌላ ቦታ ተምሮት ሊሆን ይችላል። መምህር ሆኖ ወንበር ሊዘረጋ ሲያስብ ግን ቤተልሔም ገብቶ ማስመስከር፣ ማለትም ተፈትኖ የመምህርነት ምስክርነት መቀበል፣ ይፈልጋል። እዚያ ያስመሰከረ መሪጌታ የትም ደብር ቢሄድ ማን አስተማረህ ተብሎ አይጨነቅም። እስከዚያው ኑሮው ጎጆ፣ አኮፋዳና ከየደጁ የሚለመን ቁራሽ ነው።

የሚሄድ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አስቀድሞ የደብሩን አለቃ ፈቃድ ይጠይቅ። ግንቡን አይቶ በዚያው ቀን እንዳይመለስ እመክራለሁ፤ የሌሊቱን የቃል ትምህርት ሳይሰማ ቤተልሔምን አየሁ ማለት ይከብዳል። ባዶ እጁን ባይሄድም መልካም ነው። ለተማሪ እህልም ብርድ ልብስም ይጠቅማል።

ድጓውን የጨረሰ ዝማሬና መዋሥዕት ለመቀጠል ከጋይንት መውጣት እንኳ አያስፈልገውም። የቁርባኑን ዝማሬና የሙታኑን መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ነው።