መርፌ ከኪኒን ይበልጣልን?

ከሐኪም ዘንድ መርፌ ሳይወጋ ኪኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሕሙም በሚገባ እንዳልታከመ የሚቆጥር ሰው በአገራችን ዛሬም ጥቂት ስላልሆነ፣ መድኃኒት የተላመደ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ወገኖች በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት መኖሩ በተሰማ ጊዜ፣ «ኪኒን ያቃተውን መርፌ ይችለዋል» የሚለው አሳብ ሳይመረመር ይታመናል።

መርፌ ግን መንገድ ነው እንጂ ኃይል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኢንፉቨርታይድ 36 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት የፕሮቲን ወገን ሰንሰለት በመሆኑ፣ ቢዋጥ ሆድ እንደ ማናቸውም ምግብ ፈጭቶ ያጠፋው ነበርና፣ በቆዳ ሥር ከመወጋት በቀር መግቢያ አልነበረውም። ሕሙሙ ዱቄቱን በንጹሕ ውሃ ከበጠበጠ በኋላ፣ ብልቃጡን ቢንጠው አረፋ ስለሚሆንበት በመዳፎቹ መካከል ቀስ አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ እስኪሟሟም አንዳንድ ጊዜ እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያም በሆዱ፣ በጭኑ ወይም በክንዱ ይወጋል፤ ቦታው ይቀላል፣ ይጠጥራል። ይህ ሁሉ በየዕለቱ ጧትና ማታ ነበር፤ ያን መከራ በትዕግሥት የተሸከሙት ሰዎች ጽናት ከመድኃኒቱ ባላነሰ ሊዘከር ይገባዋል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈቀደው ኢባሊዙማብም በየ2 ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጠው፣ እርሱም የፕሮቲን ወገን ስለ ሆነ ነው።

የመድኃኒቱ ኃይል ያለው ቫይረሱ ገና ያልተላመደው በመሆኑ ነው። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል እንሰማለን፤ የሚላመደው ግን ቫይረሱ ነው። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ ቫይረሱም ራሱን ሲያባዛ ይስታል፤ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲያንስ፣ ከመድኃኒቱ የሚያስመልጠው ስሕተት ይተርፍና ይበዛል። እንዲህ ያለው ቫይረስ ኪኒን በአፉ ገብቶ ወደማያውቅ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ሕሙሙን ሁሉ «መድኃኒትህን አቋርጠህ ነው» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈቀደው ሌናካፓቪር ከሆድ ቆዳ ሥር ተቀምጦ ለ6 ወር ቀስ በቀስ ወደ ደም ስለሚሰርግ፣ «ሌላ ኪኒን አያስፈልግም» የሚል ተስፋ አሳድሯል። ይሁን እንጂ ይኸው መድኃኒት ሕክምናው ሲጀመር በኪኒንም ይዋጣል፤ ብዙ መድኃኒት ለተላመደ ቫይረስም ከሌሎች ገና ከሚሠሩ መድኃኒቶች ጋር እንጂ ብቻውን አይሰጥም፤ ብቻውን ከቀረ ቫይረሱ እርሱንም ይላመደዋልና። ሕሙሙ ካለፈው መርፌ 28 ሳምንት አልፎ፣ በመካከሉም ኪኒን ሳይተካለት ቢመጣ፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ከመነሻው፣ ከኪኒኑ ጭምር፣ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።