ስለ ኮቨንት ጋርደን ገበያ መነሣትና ስለ ነጋዴዎች ቃል መሰማት

የከተማ መካከል ቦታ እንደ አዲስ ይሠራል የሚል ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ፤ ባለሱቁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደንበኛው ነገ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። የአዲስ አበባ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ የሚታወስ ስለ ሆነ፤ ጥያቄው ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሎንዶን ከተማ የአትክልትና የአበባ ገበያ ከቦታው እንዲነሣ በተወሰነ ጊዜ፤ የቦታው ዕድል በሕዝብ ፊት ክርክር ተደርጎበታል። ነዋሪውና ነጋዴው በዚያ ክርክር ምን እንዳገኙና ምን እንዳመለጣቸው መመልከት የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮቨንት ጋርደን የተባለው ይህ ገበያ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1670 ለቤድፎርድ ባላባት በሰጡት የፈቃድ ደብዳቤ የቆመ ሲሆን፤ መካከለኛው የገበያ ሕንፃ የተሠራው በ1830 ነው። በፈረስ ጋሪ ዘመን የተቀየሰው ጠባብ መንገድ የጭነት መኪናን ብዛት ሊችል ባለመቻሉ፤ ገበያው ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ናይን ኤልምስ ወደሚባለው ስፍራ እንዲሄድ ተወሰነ። በዚህ ውሳኔ ላይ ከፍ ያለ ጠብ አልተነሣም፤ ጅምላ ሻጩም ቢሆን ጭነቱን በሰላም የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልግ ነበርና። ጠቡ የተነሣው ገበያው ከሄደ በኋላ በሚቀረው ቦታ ላይ ነው።

በ1968 የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት ከዌስትሚኒስተርና ከካምደን ማዘጋጃ ቤቶች ጋር ሆኖ 96 ኤከር፤ ማለት ወደ 39 ሔክታር ለሚጠጋው አካባቢ የፕላን ረቂቅ አወጣ። በረቂቁ ሰፋፊ የመኪና መንገዶች፣ ሆቴሎች፣ የስብሰባ አዳራሽና ረጃጅም የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች የታሰቡ ሲሆን፤ ከነባሩ ሰፈር ብዙው ክፍል የሚፈርስ ነበር።

በዚያ ሰፈር የሚነግደው ግን ፍራፍሬና አበባ ሻጭ ብቻ አልነበረም። ለቲያትር ቤቶች ልብስ የሚሰፉና የሚያከራዩ፣ ማተሚያ ቤቶችና ልዩ ልዩ የእጅ ባለሙያዎች ይገኙበት ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ለገበያው ተሸካሚዎች መጠጥ ለመሸጥ ልዩ ፈቃድ የነበራቸው መጠጥ ቤቶችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ነጋዴ ሌላ ቦታ ሰጥቶ ማንሣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ከቲያትር ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ መራቁ ብቻ ሥራውን ያስቀርበታል፤ መጠጥ ቤቱም ተሸካሚዎቹ ከሄዱ በኋላ በማለዳ በሩን የሚከፍትለት ሰው አያገኝም። አሮጌ ቤት በመሆኑ ረከስ ያለው የቤት ኪራይም ለብዙዎቹ እንደ ዋና ገንዘብ የሚቆጠር ነበር። በፕላን ወረቀት ላይ እንዲህ ያለው ነገር አይታይም።

በ1969 በአርተር ስኬፊንግተን ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ ሕዝቡ አሳቡን መስጠት የሚገባው ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይሆን በመዘጋጀት ላይ ሳለ መሆኑን አስታውቆ ነበር። በኮቨንት ጋርደን ግን ብዙው ሰው የነቃው ነገሩ ከበሰለ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰዎች በ1971 ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት የሾመው መርማሪ ተቃዋሚና ደጋፊን በአደባባይ ከ40 ቀን በላይ ሰማ። ክርክሩ ካለቀ በኋላ በ1972 የምክር ቤቱ የኮቨንት ጋርደን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሌዲ ዳርትማውዝ ፕላኑ የሕዝብ ድጋፍ የሌለው መሆኑን ገልጠው ሥራቸውን ለቀቁ። በጥር 1973 ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሪፖን 250 ያህል ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ በመዝገብ ስላስጻፉ፤ ሰፋፊ መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ፤ ፕላኑም በዚሁ ወደቀ።

በዚያው በ1971 በፓሪስ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የሌ ዛል ገበያ በ1969 ወደ ሩንዢስ ከተዛወረ በኋላ የታወቁት የብረትና የመስተዋት አዳራሾች ፈረሱ፤ አንዱ ብቻ ተነቅሎ በሌላ ከተማ ተተከለ። በከተማው መካከልም ታላቅ ጉድጓድ ለዓመታት ተከፍቶ ቀረ። በ1979 የተመረቀው የምድር ቤት የገበያ ማዕከልም ዕድሜው አጭር ሆኖ በ2016 ሌላ ጣሪያ ተደርጎበት እንደ አዲስ ተከፈተ። አፍርሶ መሥራት ሁልጊዜ ፈጣን ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

የሎንዶኑ ገበያ በኅዳር 1974 ወንዙን ተሻገረ፤ አሮጌው ሕንፃም ታድሶ በ1980 በትናንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተከፈተ። እስከዚህ ድረስ ድሉ የሰፈሩ ሰዎች ይመስላል። ይሁን እንጂ በመዝገብ የተጻፈው ግድግዳው እንጂ ኪራዩ አልነበረም። ሰፈሩ ባማረ መጠን ጎብኚ በዛ፤ ጎብኚው በበዛ መጠን ኪራይ ወጣ፤ በርካሽ ኪራይ ይኖር የነበረው ባለሙያም ቀስ በቀስ ለቀቀ። የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት በ1986 ፈረሰ። በ2006 አንድ የንብረት ኩባንያ የገበያውን ሕንፃና የአካባቢውን ቤቶች ገዛ፤ በ2010 ደግሞ አፕል የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአደባባዩ ዳር ታላቅ ሱቅ ከፈተ። ቤቶቹ ዛሬም እንደ ቆሙ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚነግደው ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ነጋዴን ለምክክር በሚጠራበት ጊዜ ስለ ሕንፃው መልክ መናገር ብቻ አይበቃም። ነባሩ ተከራይ ተመልሶ የመግባት መብት ያለው መሆኑ፣ ኪራዩ በምን ሒሳብና ለስንት ዓመት እንደሚወሰን፣ የጭነት መኪና በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚገባ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። የውል ወረቀቱንና የሽያጭ መዝገቡን ይዞ የቀረበ ነጋዴ፤ በቃል ብቻ ከሚያማርረው ይልቅ ይደመጣል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስስ የት ሆኖ ይሸጣል? ለዚህ ጥያቄ ናይን ኤልምስ አንድ ምሳሌ ይሰጣል፤ ያ አዲስ ገበያ በተራው አርጅቶ እንደገና መሠራት በጀመረ ጊዜ፤ አበባ ሻጮቹ በ2017 እዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ተዘጋጀላቸው ጊዜያዊ አዳራሽ ገብተው ንግዳቸውን ቀጥለዋል።