ስልክዎ ሲጠይቅ ማን ይሰማል?

ካፌ ቁጭ ብለው የቤቱን ዋይፋይ አስገብተው አንድ ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ ገጹ ከመምጣቱ በፊት ስልክዎ አንድ ጥያቄ ይልካል። የድረ ገጹን ስም ጠርቶ «አድራሻው ስንት ቁጥር ነው?» ይላል። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በስም ሳይሆን በቁጥር ስለሆነ፣ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስላቸው ዲኤንኤስ የሚባል ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1983፣ ኢንተርኔት በአብዛኛው የተመራማሪዎች መገናኛ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ የሚያደምጥ ሌላ ሰው ይኖራል ብሎ የተጨነቀ ስላልነበረ ጥያቄውም መልሱም ሳይመሰጠር እንዲሄድ ተደረገ። ዛሬም ብዙ ስልክ የሚጠይቀው እንደዚያው በግልጽ ነው።

ስም ብቻውን ምን ይናገራል የሚል ሰው፣ ከአንድ ስልክ በአንድ ምሽት የወጡ ሦስት ስሞችን ያስብ፦ ስለ ጡት ካንሰር የሚያስረዳ ገጽ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ማስያዣ፣ የብድር ማመልከቻ። አንድም ገጽ ሳይነበብ የአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ታውቋል።

ቀድሞ የገጹ ይዘትም ቢሆን የተሸፈነ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ፋየርሺፕ የሚባል፣ ፋየርፎክስ ማሰሻ ላይ የሚገጠም ትንሽ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ ላይ ሆኖ አጠገቡ በተቀመጡት ሰዎች የፌስቡክና የትዊተር አካውንት በአንድ ጠቅታ መግባት ይችል ነበር። ድርጅቶቹ የሚያመሰጥሩት የይለፍ ቃሉን ብቻ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ሁሉ ክፍት ነበር። የበትለር ዓላማ ድርጅቶቹን ማሳፈር ነበር፤ ተሳክቶለታል። ትልልቆቹ ድረ ገጾች አንድ በአንድ የገጹን ይዘት ሁሉ ወደሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ አገልግሎት ለትንንሾቹም የምስጠራ ሰርተፊኬት በነፃ ማደል ጀመረ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ቪፒኤን ከስልክዎ የሚወጣውን አመስጥሮ በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው፤ ማስታወቂያዎቹ የባንክ የይለፍ ቃልዎ አየር ላይ እንደሚንሳፈፍ አድርገው ያስፈራራሉ፤ ዛሬ ግን ያ በአብዛኛው እውነት አይደለም። ደብዳቤው ታሽጓል፤ ሳይሸፈን የቀረው ፖስታው ላይ የተጻፈው አድራሻ ነው። ኤችቲቲፒኤስ ራሱ ግንኙነቱን ሲጀምር በሚልከው የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ የድረ ገጹ ስም ብዙውን ጊዜ ሳይመሰጠር ያልፋል።

ይህን ቀዳዳ ከሚደፍኑት ነፃ አፖች አንዱን በቅርበት እንመልከት። መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2018 ዓ.ም. 1.1.1.1 የተባለውን የዲኤንኤስ አገልግሎቱን ከፈተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የስልክ አፑን አወጣ፣ በ2019 ደግሞ ዋርፕን ጨመረበት። የመጀመሪያው የሚያመሰጥረው የስም ጥያቄውን ብቻ ነው፤ ዋርፕ ግን ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ ያመሰጥራል። አፑን ጭነው ማብሪያውን ሲነኩ አንድሮይድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲፈቅዱለት ብዙ ስልኮች ላይ ከላይ በኩል ትንሽ የቁልፍ ምልክት ብቅ ትላለች።

በዚያች ቅጽበት ስልኩና ሰርቨሩ ቀድሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሆነው ሳለ፣ ሰው በሚሰማው መስመር ላይ የጋራ ምስጢር ይፈጥራሉ። የማይቻል ይመስላል፤ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ግን እ.ኤ.አ. በ1976 መንገዱን አሳትመዋል። በትንንሽ ቁጥሮች እንሞክረው። ሁለቱም በግልጽ 2ን እና 13ን ይዘዋል። ስልኩ በልቡ 3ን ይመርጣል፤ 2ን ሦስት ጊዜ በራሱ ሲያበዛ 8 ይመጣል፣ እሱን ይልካል። ሰርቨሩ በልቡ 7ን ይመርጣል፤ 2 ሰባት ጊዜ ሲበዛ 128 ነው፣ ለ13 ሲካፈል ቀሪው 11 ይሆናል፣ 11ን ይልካል። አሁን ስልኩ የተላከለትን 11 ሦስት ጊዜ ያበዛና 1,331ን ለ13 ያካፍላል፤ ቀሪው 5 ነው። ሰርቨሩም 8ን ሰባት ጊዜ አብዝቶ 2,097,152ን ለ13 ሲያካፍል ቀሪው ያው 5 ነው። ያደመጠው ሰው 2ን፣ 13ን፣ 8ን እና 11ን ሰምቷል፤ 5 ግን በመስመሩ አልተላከም። እዚህ ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሞክሮ ይደርስበታል። በእውነተኛው አሠራር ግን ስሌቱ የሚካሄደው በልዩ የሒሳብ ኩርባ ላይ፣ እስከ 77 አኃዝ በሚረዝሙ ቁጥሮች ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተሮች ሞክረው አይጨርሱትም።

ዋርፕ ሲወጣ የተመሠረተበት ዋየርጋርድ የተባለ ፕሮቶኮል ይህን ስምምነት በየ2 ደቂቃው ገደማ ያድሰዋል። ዳታውን የሚያመሰጥረው ቻቻ20 በሚባል፣ ዳንኤል በርንስታይን በ2008 ባወጣው ዘዴ ነው። ዘዴው የሚጠቀመው መደመርን፣ ቢቶችን ማዞርንና ማወዳደርን ብቻ፣ 20 ዙር እየደጋገመ ነው። ለምስጠራ የተለየ ቺፕ የሌለው ርካሽ ስልክም ሳይጨናነቅ ይሠራዋል፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለው ይህ ነው፤ ጥበቃው ውድ ስልክ ለያዘ ብቻ አልሆነም። ዋጋው በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 60 ባይት ያህል መጨመሩ ነው፤ ፓኬቶቹ ሙሉ ሲሆኑ ከሚጠቀሙት የኢንተርኔት ጥቅል ከመቶ 4 ገደማ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የካፌው ራውተርና የኢንተርኔት አቅራቢዎ የሚያዩት አንድ የክላውድፍሌር አድራሻን፣ ሰዓቱንና የዳታውን መጠን ብቻ ነው። ወዴት እንደሄዱ የሚያየው አሁን ክላውድፍሌር ሆኗል። ማንኛውም ቪፒኤን ከዚህ አያመልጥም፤ የሚያይዎትን ሰው ይቀይራል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ስለ ምስጠራው ጥንካሬ ከመጠየቅ በፊት የአፑን ወጪ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይበልጣል።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ «ጥበቃ» የሚል ስም ያለው ነፃ አፕ ነበረው። ሰዎች የትኛውን አፕ ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱ ለፌስቡክ ሲነግር ቆይቶ፣ በ2018 ከአፕል መደብር ወጣ፣ በ2019 ተዘጋ። ሆላ የተባለው ደግሞ የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች እንደሚሸጥ በ2015 ሲታወቅ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በተጠቃሚው አድራሻ የፈለገውን ሊሠራ ይችል እንደነበር ብዙዎች ያኔ ነው ያወቁት። በአንጻሩ የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ቪፒኤን የነፃውን ክፍል ወጪ የሚሸፍነው ከፍለው ከሚጠቀሙ ደንበኞቹ ነው፤ የአፖቹን ኮድም ማንም እንዲያነበው ለቋል። ክላውድፍሌር የሚተዳደረው ለድርጅቶች በሚሸጠው አገልግሎት ነው። ነፃ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የማይናገር አፕ ስልኬ ላይ አይገባም።

ይህ ጥያቄ አገር ቤት ላለ ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለወራት ሲገደቡ ቪፒኤን የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ፤ በችኮላ የሚጫን አፕ ደግሞ ማን እንደሠራው የሚጠየቅበት ጊዜ አያገኝም። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ፣ በ2020 ክረምት እንደሆነው፣ የትኛውም አፕ አይረዳም፤ የተመሰጠረ ዳታም የሚሄድበት መስመር ይፈልጋል። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይወቁ፦ የኤምሬትስ ሕግ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን በቪፒኤን የኢንተርኔት አድራሻውን የደበቀን ሰው ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል።

አፑን መርጠው ከጫኑ በኋላ የምትቀር አንዲት ሥራ አለች። ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዘዋወር ቪፒኤኑ ለጥቂት ሰከንድ ሊቋረጥ ይችላል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ስልኩ እንደ ድሮው በግልጽ መጠየቅ ይጀምራል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ቪፒኤን የሚለውን ከፍተው፣ ከአፑ ስም ጎን ያለችውን የጥርሳማ ጎማ ምልክት ይንኩ። ሁለት ማብሪያዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ቪፒኤኑ ሁልጊዜ እንዲበራ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ያለ ቪፒኤን ምንም ነገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሁለቱንም ያብሩ። ሆቴል ገብተው የክፍል ቁጥር የሚጠይቀው የዋይፋይ ገጽ አልከፈት ካለዎት ሁለተኛውን ለአፍታ ያጥፉት፣ ሲገቡ መልሰው ያብሩት።