«ቁርጥ ወሮታ»፦ ለክፍት ሶፍትዌር ሥራ የሚከፈል ገንዘብ ስያሜ

መነሻ ጽሑፋቸው ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች («ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜ ተለምዷል፤ እኛን ግን ውሃ ያስታውሰናል) ብዙውን ጊዜ ደመወዝ ከፋይ አሠሪ የላቸውም። ስለሆነም አንድ ጉድለት እንዲታረምለት የሚፈልግ ወገን «ይህን ሠርቶ ላስረከበ ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ» ብሎ ያስነግራል፤ ሥራውን ቀድሞ ያሟላ ማንም ሰው ገንዘቡን ይወስዳል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት፣ ለኅትመት ባዘጋጀው ቴክ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሁሉ ከራሱ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ መጠኑም ከ2.56 ዶላር ተነሥቶ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ 327.68 ዶላር ሲደርስ ቆሟል።

ይህን ክፍያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ሽልማት» ብልጫ ላሳየ ሰው በዳኞች ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ያልተሸለመ ሰው ዕዳዬን ክፈሉኝ አይልም። «ጉርሻ» ደግሞ ከሒሳቡ በላይ፣ ከሰጪው ደስታ የሚመነጭ ነው። የምንነጋገርበት ክፍያ ግን በአደባባይ የተገባ ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም፣ የጠፋ ዕቃ ላገኘ ወይም ሌላ ሥራ ለፈጸመ ሁሉ ዋጋ እሰጣለሁ ብሎ ያስታወቀ ሰው በቃሉ እንደሚገደድ ይደነግጋል። ከብት ወይም ሰነድ የጠፋበት ሰው «ላገኘልኝ ወሮታ እከፍላለሁ» ይላልና፣ የሚቀርበው ቃል «ወሮታ» ነው። ወሮታ ላልታሰበ ውለታም ስለሚነገር፣ መጠኑ አስቀድሞ መወሰኑን ለማመልከት፣ «ቁርጥ ዋጋ» እንደምንል ሁሉ «ቁርጥ ወሮታ» እንዲባል እናሳስባለን።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንየው። ርእሰ ከተማው አሶሳ በሆነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ለሆነው ለጉሙዝኛ የተዘጋጁ 14 የግእዝ ሆሄያት፣ ይኸውም 2 ቤቶች በ7 በ7 ድምፅ፣ በዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በ6.0 እትም ነው፤ መደበኛው ፊደል ግን በ1999 ገብቶ ነበር። ዘግይተው በመምጣታቸው የኮድ ቁጥራቸው ከሌላው ርቆ ይገኛል። በኮድ ቁጥር ብቻ በሚደረድር ፕሮግራም መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው፣ በእነዚህ ሆሄያት የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ከ«ፐ» ቤት በኋላ ተጠራቅመው ያገኛቸዋል፤ የቋንቋው ተናጋሪ ግን እዚያ አይፈልጋቸውም።

እንዲህ ያለው ጉድለት ለቁርጥ ወሮታ የተመቸ ነው። ወሰኑ የታወቀ ነው፤ መታረሙም አንድ ገጽ የማይሞላ የቃላት ዝርዝር በማስደርደር ይረጋገጣል። ፕሮግራሙን ከዓመት ዓመት መጠበቅና ለጠያቂ መልስ መስጠት ግን ማስረከቢያ ቀን የሌለው ሥራ ስለሆነ ደመወዝ እንጂ ወሮታ አይሸፍነውም።

ሌላም ችግር አለ። በአሶሳ አካባቢ ወርቅ የሚያጥብ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ አጥቦ ምንም ካላገኘ ድካሙን የሚከፍለው የለም። የወሮታ ፈላጊውም ዕጣ ይኸው ነው፤ ሦስት ሰዎች አንዱን ጉድለት ለየብቻቸው ቢያርሙ ለመጀመሪያው ይከፈለዋል፣ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ለሚሠራ» እና «ሠርቶ ላስረከበ» የሚሉትን ማደባለቅ የለበትም፤ የመጀመሪያው ለድካሙ፣ ሁለተኛው ለውጤቱ ብቻ ያስከፍላል።