ክለቦቹ ድምፅ አገኙ፤ የሴቶቹ ቡድንስ?

በመራዊም ሆነ በቡሬ እድርተኛ የሆነች እናት፣ መዋጮ የከፈለ ሁሉ በጉባኤ የመናገር መብት እንዳለው ጠንቅቃ ታውቃለች። በእግር ኳሳችን ግን ይህ ነገር ሥራ ላይ እስኪውል ብዙ ዘመን ወስዷል። ደመወዝ ከፋዮቹ ክለቦች ሲሆኑ፣ ሊጉን የሚመራው ፌዴሬሽኑ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ 16 ክለቦች ውድድሩን ተረክበው በአክሲዮን ማኅበር ተደራጁ። ለመራዊ ሰው ቅርብ የሆነው ባሕር ዳር ከነማም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ባለአክሲዮን የሆነ ክለብ በጠቅላላ ጉባኤ ተገኝቶ ድምፁን ይሰጣል። የመተባበሩ ፍሬ ሳይዘገይ በ2013 ዓ.ም. ታየ፤ ለየብቻቸው ቢሆኑ ዞር ብሎ የሚያያቸው የማይኖር ክለቦች፣ 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ የተነገረለትን የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከሱፐር ስፖርት ጋር ተዋዋሉ።

የሴቶቹ ሊግ ግን በርክክቡ አልተካተተም፤ በፌዴሬሽኑ እጅ ቀረ። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ወንዶች የሊጉን ዋንጫ ሲያነሡ፣ የዚያው ክለብ ሴቶች የሴካፋን ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ አሸንፈው ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ ድረስ ዘልቀዋል። ክለቡ አንድ ነው፤ በአክሲዮን ማኅበሩ የተወከለው ግን የወንዶቹ ሊግ ብቻ ነው።

እንግሊዝም ብትሆን አልቀደመችም። የወንዶቹ ክለቦች ፕሪሚየር ሊጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲመሠርቱ፣ የሴቶቹ ሊጎች ክለቦች በባለቤትነት ወደሚመሩት ኩባንያ የተዛወሩት በ2024 ነው። እዚያም ቢሆን ባለአክሲዮኖቹ ክለቦቹ እንጂ ተጫዋቾቹ አይደሉም።